ስሙን ሰውሮ ‹‹ተማሪ›› የተባለው ሊቅ

በዓለም ላይ ስማቸውን ለማስጠራት ሲሉ የደከሙ ሰዎች ቁጥራቸው እጅግ ብዙ ነው። ስማቸው ሳይታወቅ በሥራቸው ብቻ ዓለምን የጠቀሙ ግን ጥቂቶች ናቸው። ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ እንግሊዛዊው ዊልያም ሲሊ ጎሴት ነው። ዛሬ በስታቲስቲክስ መጻሕፍትና በኮምፒዩተር የስሌት ፕሮግራሞች ውስጥ ሁሉ የሚገኘውን፣ ‹‹የተማሪው የቲ ሥርጭት›› የሚባለውን ሥራ ለዓለም ያበረከተው እሱ ነው። እኔም የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንደ መሆኔ መጠን፣ ራሱን ‹‹ተማሪ›› ብሎ የጠራውን የዚህን ሰው ታሪክ ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆቻችን በአጭሩ ማቅረብ የሚገባ መስሎ ታየኝ። በጽሑፌ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ አሳስባለሁ።

ጎሴት የተወለደው ጁን 13 ቀን 1876 በእንግሊዝ አገር በካንተርበሪ ከተማ ነው። አባቱ ኮሎኔል ፍሬድሪክ ጎሴት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የመሐንዲሶች ክፍል መኮንን ነበሩ። እናቱ አግነስ ሲሊ ቪዳል ይባሉ ነበር። ዊልያም ከአምስት ልጆች መካከል የመጀመሪያው ስለ ነበረ የአባቱን ሙያ ይከተላል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ይሁን እንጂ የዓይኑ ብርሃን ደካማ በመሆኑ ወደ ጦሩ ለመግባት አልተቻለውም። አንዱ በር ቢዘጋበት ሌላውን ከፈተ። በታወቀው በዊንቸስተር ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በኒው ኮሌጅ ሒሳብና ኬሚስትሪ አጠና። በ1897 በሒሳብ፣ በ1899 ደግሞ በኬሚስትሪ የአንደኛ ማዕረግ ውጤት አገኘ።

በዚያው በ1899፣ ዕድሜው 23 ዓመት ሲሆን፣ ወደ አየርላንድ ተሻግሮ በደብሊን ከተማ በሚገኘው በጊነስ የቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። አንባቢ ምናልባት ይገረም ይሆናል። ከኦክስፎርድ በአንደኛ ማዕረግ የወጣ ወጣት ቢራ ጠመቃ ውስጥ ምን ይሠራል? ነገሩ እንዲህ ነው። የፋብሪካው ሹማምንት ጠመቃን በልምድ ብቻ ሳይሆን በሳይንስ ለመምራት ስለ ቆረጡ፣ ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የተመረቁ ወጣቶችን እየመረጡ ይቀጥሩ ነበር።

የጠላን አጠማመቅ የሚያውቅ ሰው የጎሴትን ችግር በቀላሉ ይረዳዋል። በቤት ውስጥ የምትጠምቅ እናት ብቅሉን በዓይኗ አይታ፣ በአፍንጫዋ አሽትታ፣ ጌሾውንም በእጇ መጥና ልኩን ታውቀዋለች። ጠላው ዛሬ ቢከር ነገ ታስተካክለዋለች። ለብዙ ሕዝብ በየቀኑ የሚጠምቅ ፋብሪካ ግን በዓይንና በአፍንጫ ሊመራ አይችልም። ገብሱ ከማሳ ማሳ ይለያያል፤ ብቅሉም እንደዚሁ። ጌሾ ለጠላ እንደሚያገለግለው ሁሉ ለቢራ መራራ ጣዕም የሚሰጠው ሆፕስ የተባለው ተክል ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት አይደለም፤ እርሾውም ሕይወት ያለው ነገር በመሆኑ ይለዋወጣል። ስለዚህ ጠማቂዎቹ ሳያቋርጡ ይለኩና ይፈትኑ ነበር። ዳሩ ግን የሚያገኙት ልክ ጥቂት ነበር። ሁለት ዓይነት ገብስ ለማወዳደር በአራት ማሳ ቢዘራ፣ የሚገኘው አራት ቁጥር ብቻ ነው። ተጨማሪ ለማግኘት እስከሚቀጥለው አዝመራ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከአራት ቁጥር ተነሥቶ ይህ ገብስ ከዚያኛው ይሻላል ለማለት ይቻላልን? የጎሴት የሕይወቱ ጥያቄ ይህ ሆነ።

በአገራችን አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም ይባላል። ለመሆኑ ፍርድ ለመስጠት ስንት እንጨትና ስንት ሰው ያስፈልጋል? በዚያ ዘመን የነበሩት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት በመቶና በሺህ በሚቆጠሩ ናሙናዎች ስለሚሠሩ፣ ጥቂት ቁጥር ይዞ የሚመጣን ሰው የሚያስተናግዱበት ደንብ አልነበራቸውም። ጎሴት በ1904 ስለዚሁ ጉዳይ ለፋብሪካው ሹማምንት አንድ የውስጥ ሪፖርት ጽፎ አቀረበ። በ1905 በጊዜው ስመ ጥር የነበረውን ሊቅ ካርል ፒርሰንን አግኝቶ አማከረው። በሚቀጥለውም ዓመት ፋብሪካው ፈቅዶለት ወደ ለንደን ሄደና በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በፒርሰን የጥናት ክፍል እስከ 1907 ድረስ ተማረ። ማርጆሪ ፊልፖትስ የተባለችውን ወይዘሪት ያገባው በ1906 ሲሆን፣ በኋላ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደዋል።

አሁን ጎሴት ያገኘው ነገር ምን እንደ ሆነ በተቻለኝ መጠን ላስረዳ። ከብዙ ነገር መካከል ጥቂቱን ለክተን አማካዩን ብናወጣ፣ ያ አማካይ ከእውነተኛው አማካይ ጥቂት መራቁ አይቀርም። ምን ያህል እንደሚርቅ ለመገመት ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚለያዩ እናሰላለን፤ ከዚያም መደበኛ ስሕተት የሚባለውን መለኪያ እናገኛለን። ናሙናው ትልቅ ሲሆን፣ ደወል በሚመስለው በኖርማል ሥርጭት መሠረት፣ ከ100 ጊዜ 95ቱን አማካዩ ከእውነተኛው የሚርቀው ከ1.96 መደበኛ ስሕተት በማይበልጥ ነው።

ናሙናው አራት ቁጥር ብቻ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ከአራት ቁጥር የተሰላው ልይይት ራሱ ግምት ነው። አራቱ ቁጥሮች በአጋጣሚ ተቀራርበው የወጡ እንደ ሆነ፣ ልይይቱ ትንሽ መስሎ ይታይና ሰውዬው ያለ በቂ ምክንያት በውጤቱ ይተማመናል። በአራት ቁጥር ላይ 1.96ን መለኪያ ያደረገ ሰው ከ100 ጊዜ 5 ጊዜ ብቻ የሚሳሳት ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን 14 ጊዜ ያህል ይሳሳታል። ጎሴት ለዚህ የሚስማማውን ትክክለኛ ሥርጭት ፈልጎ አገኘ። ቅርጹ ደወል ቢመስልም ግራና ቀኝ ያሉት ጭራዎቹ ወፍራም ናቸው። በዚህ ሥርጭት መሠረት ለአራት ቁጥር የሚያስፈልገው መለኪያ 3.18፣ ለአሥር ቁጥር 2.26፣ ለ31 ቁጥር ደግሞ 2.04 ነው። ለሁለት ቁጥር ብቻ ቢሆን 12.71 ይደርሳል። ማስረጃችን ሲያንስ ትሕትናችን ይጨምር ዘንድ ሒሳቡ ራሱ ያስገድደናል ማለት ነው። ናሙናው እያደገ ሲሄድም ሥርጭቱ ወደ ታወቀው ደወል ይጠጋል።

ጎሴት ቀመሩን ያገኘው ከፊሉን በስሌት፣ ከፊሉን በብልህ ግምት ስለ ነበረ፣ በተግባር ሊፈትነው ፈለገ። በወንጀል የተያዙ የ3000 ሰዎች ቁመትና የግራ እጃቸው የመካከለኛ ጣት ርዝመት በእንግሊዝ አገር ተለክቶ ታትሞ ነበር። ጎሴት ይህን ልክ በ3000 የካርቶን ቁራጮች ላይ ጻፈ። ካርቶኖቹንም ደኅና አድርጎ በወዘወዘ ጊዜ አራት አራቱን እየለየ 750 ናሙናዎች አወጣ። ለእያንዳንዱም ናሙና አማካዩንና ልይይቱን አሰላ። ኮምፒዩተር በሌለበት በዚያ ዘመን ይህ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አንባቢ ያስበው። ውጤቱ ካገኘው ቀመር ጋር ተስማማ።

ጽሑፉ በ1908 ባዮሜትሪካ በተባለው መጽሔት ታትሞ ወጣ። ከአራት እስከ አሥር ለሚደርሱ ናሙናዎች የሚያገለግል ሠንጠረዥም ነበረው። የደራሲው ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ ግን ጎሴት የሚል አልነበረም። የጊነስ ፋብሪካ የሥራ ምስጢሩ በተወዳዳሪዎቹ እጅ እንዳይወድቅ ይጠነቀቅ ስለ ነበረ፣ ሠራተኞቹ በስማቸው ጽሑፍ እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ እርሾ ሕዋሳት አቆጣጠር ባሳተመው ጽሑፍ ላይ እንዳደረገው ሁሉ፣ አሁንም ‹‹ተማሪ›› በሚል የብዕር ስም አሳተመው። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል የጻፋቸው የሳይንስ ጽሑፎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የወጡት በዚሁ ስም ነው። በሥራው የተጠቀሙ ብዙ ሰዎች ‹‹ተማሪ›› ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ኖሩ።

ይህ ታላቅ ሥራ ለብዙ ዓመታት ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። ፒርሰን እንኳ በትልልቅ ናሙናዎች ይሠራ ስለ ነበር የጥቂት ቁጥርን ጉዳይ አክብዶ አላየውም። ነገሩን ከልቡ የተቀበለው በ1912 ገና ወጣት የነበረው ሮናልድ ፊሸር ነው። ፊሸር ለጎሴት ቀመር ጥብቅ የሆነ ማረጋገጫ አግኝቶ በደብዳቤ ላከለት። በ1915 ማረጋገጫውን በጽሑፍ አወጣው፤ በ1925 ደግሞ ለተመራማሪዎች ባዘጋጀው የታወቀ መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶ በዓለም እንዲሠራበት አደረገ። ዛሬ የምንጠቀምበት ‹‹ቲ›› የሚለው ፊደልና ከናሙናው ቁጥር አንድ ተቀንሶ የሚገኘው የነጻነት ደረጃ የሚባለው ቁጥር ሥር የሰደዱት በዚሁ ጊዜ ነው። ጎሴትም በ1925 ሰፋ ያለ አዲስ ሠንጠረዥ አሳተመ።

በዛሬው ጊዜ ያንን ሠንጠረዥ የሚገልጥ ሰው ጥቂት ነው፤ ሠንጠረዡ በኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷልና። በ1990ዎቹ ዓመታት በኒውዚላንድ የተፈጠረው ‹‹አር›› የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ የሒሳብ መምህራችን በኮምፒዩተር ክፍል አሳይተውናል። ጎሴት በካርቶን የደከመበትን የ750 ናሙና ሥራ ፕሮግራሙ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ድረስ ይጨርሰዋል። ይህን ባየሁ ጊዜ ፍጥነቱ አስደነቀኝ። ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ግን ቀጥሎ የማወሳው ነው።

ጎሴት በ1908ቱ ጽሑፉ እንደ ምሳሌ አድርጎ የተጠቀመባቸው የአሥር ሕመምተኞች ቁጥሮች ዛሬ በዚሁ በ‹‹አር›› ፕሮግራም ውስጥ ለመለማመጃ ተቀምጠው ይገኛሉ። ሁለት የእንቅልፍ መድኃኒቶች ለእነዚሁ ለአሥሩ ሰዎች በየተራ ተሰጥተው፣ እያንዳንዱ መድኃኒት ስንት ሰዓት እንቅልፍ እንደ ጨመረ ተመዝግቧል። ሁለተኛው መድኃኒት ከመጀመሪያው በአማካይ 1.58 ሰዓት አብልጦ አስተኝቷል። መምህራችን ክፍሉን በሁለት ወገን ከፍለው ሁለት ልዩ ልዩ ትእዛዝ ሰጡን። አንደኛው ወገን የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ሁለት ቁጥሮች አጣምሮ ልዩነታቸውን እንዲያሰላ ታዘዘ። ሁለተኛው ወገን ግን ቁጥሮቹን እንደ ሃያ ልዩ ልዩ ሰዎች ቁጥር አድርጎ ሁለቱን ረድፍ እንዲያወዳድር ታዘዘ።

የመጀመሪያው ወገን ቲ 4.06 ሆኖ አገኘ። ይህም ማለት መድኃኒቶቹ ልዩነት ባይኖራቸው ኖሮ ይህን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ የሚገኘው ከ1000 ጊዜ 3 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛው ወገን ያገኘው ቲ ግን 1.86 ነበር፤ የአጋጣሚውም ዕድል ከ100 ጊዜ ወደ 8 ከፍ አለ። ቁጥሮቹ እነዚያው፣ ፕሮግራሙም ያው ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ወገን መድኃኒቱ ይሻላል ሲል ሌላው በቂ ማስረጃ የለም አለ። ክርክሩ ጦፈ፤ ሁለቱም ወገኖች ማሽኑ የሰጠን ነው ይሉ ነበር።

እውነቱን የፈታልን ወደ ሰዎቹ መመለስ ነው። ከሕመምተኞቹ አንዱ በመጀመሪያው መድኃኒት 3.7፣ በሁለተኛው 5.5 ሰዓት ተጨማሪ እንቅልፍ አግኝቷል። ሌላው ግን በሁለቱም መድኃኒቶች ከቀድሞው 0.1 ሰዓት ያህል ቀንሶበታል። እንግዲህ በሰዎቹ መካከል ያለው ልዩነት በመድኃኒቶቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይሸፍነዋል ማለት ነው። እያንዳንዱን ሰው ከራሱ ጋር ስናወዳድረው ግን ሽፋኑ ይነሣል። ጎሴትም ያደረገው ይህንኑ ነው። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹ የአሥር ሰዎች ይሁኑ የሃያ ሰዎች በራሱ አያውቅም፤ ካልነገርነው በቀር የማይዛመዱ አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

ሌላም ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ለአሥር ቁጥር የሚሆነውን መለኪያ ፈልጎ 0.05ንና የነጻነት ደረጃውን 9 ያስገባ ሰው ከ‹‹አር›› የሚያገኘው 2.26 ሳይሆን 1.83 ሲቀነስ ነው። ምክንያቱም ፕሮግራሙ የሚቆጥረው ከግራው ጭራ ጀምሮ ነው። ሁለቱን ጭራዎች ለሚፈልግ ሰው ትክክለኛው ጥያቄ 0.975 ነው። በኤክሴል ደግሞ ለአንድ ጭራና ለሁለት ጭራ የተለያዩ ትእዛዞች አሉ፤ ለሁለት ጭራ የተሠራው ትእዛዝ 0.05 ሲሰጠው 2.26ን ራሱ ያወጣል። ስለዚህ መልሱን ከመቀበል በፊት የምንጠይቀው ፕሮግራም ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር ማወቅ ግዴታ ነው። ይህ ጉዳይ ለክፍል ማርክ ብቻ የሚያሳስብ አይደለም። በዚህ ዓይነት ስሌት የትኛው መድኃኒት ለሕመምተኛ ይሰጥ፣ የትኛው ዘር ለገበሬ ይታደል የሚለው ይወሰናልና።

ወደ ጎሴት ልመለስ። በጠባዩ ትሑት፣ ቅን፣ ሥራ ወዳድ ሰው ነበር። ከፋብሪካው ሥራ ሌላ በአየርላንድ የገብስ ሙከራዎችን በማቀድ ብዙ ረድቷል። በቤቱ የአትክልት ቦታ ይንከባከብ፣ ዓሣ ያጠምድ፣ በገዛ እጁም ጀልባ ይሠራ ነበር። ፒርሰንና ፊሸር እርስ በርሳቸው የማይስማሙ፣ በጽሑፍም በብርቱ የሚነቃቀፉ ሰዎች ሲሆኑ፣ ጎሴት የሁለቱም ወዳጅ ሆኖ መኖር ችሏል። በ1930ዎቹ ስለ ማሳ ሙከራ አደላደል ከፊሸር ጋር አልተስማማም፤ ፊሸር ማሳዎቹ በዕጣ ይመደቡ ሲል፣ ጎሴት ተመጣጥነው ይደልደሉ ይል ነበር። ክርክሩ ግን ወዳጅነታቸውን አላጠፋውም።

በ1934 በመኪና አደጋ የጭኑ አጥንት ተሰበረና ብዙ ወራት አልጋ ላይ ዋለ። በ1935 ፋብሪካው በለንደን ፓርክ ሮያል የሠራውን አዲስ ቅርንጫፍ እንዲመራ ተሹሞ ከአየርላንድ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። የጠማቂዎች ሁሉ አለቃ ለመሆን ከበቃ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኦክቶበር 16 ቀን 1937 በ61 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ። ስለ ማሳ አደላደል የጻፈው የመጨረሻ ጽሑፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1938 ነው፤ እሱም ‹‹ተማሪ›› በሚለው ስም ወጣ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ብዙ ነው። ጎሴት ማስረጃዬ ጥቂት ነው ብሎ ሥራውን አልተወም፤ ጥቂቱንም እንደ ብዙ ቆጥሮ አልተመካም። የሚያውቀውን ከማያውቀው ለይቶ በልኩ መናገርን መረጠ። እኛ በእጃችን ያለው መሣሪያ እሱ በካርቶንና በእርሳስ ከሠራበት ዘመን መሣሪያ በብዙ ሺህ እጥፍ ይፈጥናል፤ የሚፈጥነው ግን መልሱ እንጂ ጥያቄው አይደለም። ጥያቄውን ማቅናት ዛሬም የሰው ድርሻ ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ አንዳንዶቻችን ሐኪሞች፣ አንዳንዶቻችን የግብርና ባለሙያዎች፣ አንዳንዶቻችን መምህራን እንሆናለን፤ በሁሉም ቦታ ጥቂት ቁጥር ይዘን ትልቅ ፍርድ እንድንሰጥ እንጠየቃለን። በዚያን ጊዜ ቁጥሮቹ ከማን እንደ ተገኙ፣ ስንት እንደ ሆኑና እንዴት እንደ ተለኩ ሳንጠይቅ አንፍረድ። የመመረቂያ ወረቀታችንን ከተቀበልን በኋላም ጎሴት ዕድሜውን ሁሉ የተጠራበት ስም ለእኛም ይገባናል።